አንግል ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብተሩ ላይ ያለው አንግል ሹል ነው፤ ከ90 ዲግሪ እንደሚያንስ ከሩቅ ይታያል። ተማሪው ግን ፕሮትራክተሩን (የአንግል መለኪያውን) በጥንቃቄ ያስቀምጥና "130" ብሎ ይጽፋል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ እጁም አልተንቀጠቀጠም። ከመለካቱ በፊት ስዕሉን አላየውም፣ በቃ።

ሳይገምቱ መለካት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል። ፕሮትራክተር ላይ ሁለት የቁጥር ረድፎች አሉ። አንዱ ከቀኝ ይጀምራል፣ ሌላው ከግራ። አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙት ሁለት ቁጥሮች ድምራቸው ሁልጊዜ 180 ነው፤ 50 ካለ ጎኑ 130 አለ። ብዙዎች "የውስጡን ነው የማነበው" ብለው ይሸመድዳሉ። አይሠራም፤ አንግሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲከፈት ረድፉም ይቀየራል። ይልቅ አንደኛው መስመር ያረፈበትን 0 ፈልጉ፣ ከዚያ 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ እስከ ሌላው መስመር ቁጠሩ። ከ90 ያንሳል ብላችሁ አስቀድማችሁ ከገመታችሁማ 130 ሲመጣ ወዲያው ትነቃላችሁ። አስቸጋሪው 85 ወይስ 95 የሚለው ነው። እዚያ ላይ ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ የወረቀት ጥግ አስጠግታችሁ አወዳድሩ።

ግምት ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር መወርወር አይደለም። የወረቀት ጥግ 90 ነው። ሁለቱ ጠርዞች እንዲገጥሙ ስታጥፉት 45 ይሆናል። ጥጉን ሦስት እኩል ቦታ ካጠፋችሁት 30 እና 60 ታገኛላችሁ። እነዚህን ዓይናችሁ ከለመዳቸው "ከ45 ይበልጣል፣ 60 ግን አይሞላም" ማለት ትችላላችሁ። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው። "ልክ 53 ነው" ብሎ መገመት ጥቅሙ አይታየኝም።

ሌላው፣ መስመሩ ረጅም ከሆነ አንግሉም ትልቅ ነው ብሎ ማሰብ። አንግል የሚለካው መዞርን ነው፤ የመስመሮቹ ርዝመት አይመለከተውም። ትንሽና ትልቅ መቀስ እኩል ከተከፈቱ አንግላቸው አንድ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ መስመሩ አጥሮ ቁጥሮቹ ጋ ባይደርስም አይጨነቅም። በማስመሪያ ያስረዝመዋል፤ አንግሉ ንቅንቅ አይልም።

የፕላስቲኩን ጠርዝ መስመሩ ላይ ማስተኛትም የተለመደ ነው። በብዙ ፕሮትራክተሮች ላይ የ0 መስመር ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። መስመሩ ላይ መተኛት ያለበት ይሄኛው ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ምልክትም ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በትክክል ትረፍ።

ግማሽ ክብ ፕሮትራክተር 180 ላይ ያበቃል። አንግሉን የሚያመለክተው ቅስት የተሳለው በውጭ በኩል ከሆነ ትንሹን አንግል ለክታችሁ ከ360 ቀንሱ። ትንሹ 70 ከሆነ መልሱ 290 ነው።

የሰዓት ጥያቄ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ለምሳሌ "ሰዓቱ 3፡30 ሲያሳይ በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል ያለው አንግል ስንት ነው?" ሲባል። ደቂቃ ቆጣሪው 6 ላይ ሲሆን ሰዓት ቆጣሪው 3 ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ 4 ግማሽ መንገድ ሄዷል። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 30 ዲግሪ ስላለ መልሱ 90 ሳይሆን 75 ነው።

የጎነ ሦስት አንግሎች ድምር 180 መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ለክቶ 181 ሲመጣበት ይደነግጣል፣ ከዚያ አንዷን ቁጥር በጓዳ ይቀንሳል። አያስፈልግም! በእጅ ሲለካ የአንድ ሁለት ዲግሪ ልዩነት ያለ ነው፤ ያነበባችሁትን ጻፉ። 260 ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ አንግሎቹ 50፣ 60 እና 70 ሆነው 50ውን 130 ብላችሁ ካነበባችሁ ድምሩ ልክ 260 ይሆናል። ያኔ ቁጥር ከመጠጋገን ይልቅ ረድፉን እንደገና ተመልከቱ።

ፈተና ላይ "ስዕሉ በትክክለኛ ልኬት አልተሳለም" ከተባለ ደግሞ መለካቱን ተዉት። ስዕሉ ላይ 60 የሚመስለው አንግል በስሌት 40 ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገውም ስሌቱ ነው።