ሲመሽ የሚጠፋው ካሜራ፦ የፒኦኢ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎንደር ላይ ካሜራ ወይም ዋይፋይ የሚያስገጥም ሰው ዋጋ የሚከራከረው በካሜራው ነው። ካሜራዎቹንና ዋይፋዩን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹ፣ «ያው ስዊች ነው» ተብሎ ከመደርደሪያ ይነሳል። በኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን በብዛት የስዊቹና የኬብሉ ነው። ፒኦኢ የሚባለው አሠራር ዳታውንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ ኔትወርክ ኬብል ይልካል። ስለዚህ የተበላሸ የሚመስለው ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ያነሰው ነው።

ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ ይጠፋል

ከሁሉም የሚበዛው ስሞታ ይሄ ነው። ካሜራው ቀን ሰላም ውሎ 12 ሰዓት ሲያልፍ እየጠፋ ይነሳል። ባለቤቱ ካሜራውን ሊያስቀይር ይሮጣል።

ሲጨልም ካሜራው የማታ ማያውን ኢንፍራሬድ መብራት ያበራል። ያኔ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ቀን 6 ዋት የሚበቃው ካሜራ ማታ 11 ዋት ሊፈልግ ይችላል። ስድስት እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ካሏችሁ ቀን 36 ዋት፣ ማታ 66 ዋት ሆነ ማለት ነው። የስዊቹ ጠቅላላ አቅም 60 ዋት ከሆነ አንዱ መውደቁ አይቀርም።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በአንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) 30 ዋት» የሚለው ነው። ስምንት ፖርት ስላለው 240 ዋት ይሰጣል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የምትፈልጉት በትንሹ የተጻፈውን የሁሉም ፖርት ድምር ነው። እሱ ካልተጻፈ ስዊቹን ባትገዙት ይሻላል።

ለማረጋገጥ እስኪመሽ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀን ላይ የካሜራዎቹን ፊት በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ማታ መስሏቸው መብራታቸውን ያበራሉ። ያኔ መውደቅ ከጀመሩ ሁለቱን ንቀሉ። የቀሩት ከረጉ ጥፋቱ የአቅም ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ካሜራ ከፍተኛ ዋት ደምሩ፣ ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ ያንን የሚሸከም ስዊች ግዙ። አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ስዊች መሣሪያው የሚስበውን ሳይሆን ሊስብ ይችላል ብሎ የገመተውን ይይዛል። ካሜራው 5 ዋት ብቻ ቢፈልግም 15.4 ዋት ሊቆልፍለት ይችላል። በ60 ዋት ስዊች ላይ አራተኛው ካሜራ አልነሳ ቢላችሁ አይግረማችሁ። የስዊቹ ሴቲንግ የሚከፈት ከሆነ ስሌቱን በትክክለኛ ፍጆታ እንዲያደርግ ቀይሩት።

ዋይፋይ አሰራጩ (አክሰስ ፖይንቱ) በርቷል፣ ዋይፋዩ ግን ደካማ ነው

ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ሲደክም ሰው ግድግዳውን ይወቅሳል። ግድግዳው ጥፋት የለውም አልልም። ግን መጀመሪያ ስዊቹን እዩ።

ፒኦኢ ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3 ኤኤፍ ከስዊቹ 15.4 ዋት ያወጣል፣ መሣሪያው ጋ የሚደርሰው 12.95 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው 802.3 ኤቲ፣ ማለትም ፒኦኢ ፕላስ፣ 30 ዋት አውጥቶ 25.5 ያደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ 802.3 ቢቲ እስከ 90 ዋት ያወጣል፤ ለአንድ ፔንሲዮን ትርፍ ነው። አዳዲሶቹ አክሰስ ፖይንቶች ብዙዎቹ ፒኦኢ ፕላስ ይፈልጋሉ። በኤኤፍ ፖርት ላይ ሲሰኩ አንዳንዶቹ አቅማቸውን ቀንሰው ይነሳሉ። መብራታቸው ስለሚበራ ማንም አይጠረጥርም። የጥምቀት እንግዳ ክፍሉን ሁሉ ሲሞላው ነው የሚታወቀው። አንድ አክሰስ ፖይንት ብቻ ከሆነ ስዊች መቀየር አያስፈልግም፣ የ30 ዋት ጊጋቢት ኢንጄክተር፣ ማለትም ኬብሉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚጨምር ትንሽ ሳጥን፣ ይበቃል። ጊጋቢት መሆኑን አደራ፤ ርካሾቹ ፍጥነቱን 100 ሜጋቢት ላይ ያቆሙታል።

የጣሪያው ራዲዮ ጭራሽ አይበራም

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ኢንተርኔት የሚያሻግሩ ራዲዮዎች ብዙዎቹ በ24 ቮልት ፓሲቭ ፒኦኢ ነው የሚሠሩት። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኤሌክትሪክ ከመልቀቁ በፊት መሣሪያው ውስጥ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን መለያ ሬዚስተር ይፈልጋል። ካጣው አይለቅም። አብሮት የመጣውን ኢንጄክተር ተጠቀሙ። ፓሲቭ ኢንጄክተር ግን ሳይጠይቅ ስለሚለቅ ላፕቶፕ ላይ እንዳትሰኩት።

ቅርቡ ይሠራል፣ ሩቁ አይነሳም

ሩቁን ካሜራ አውርዳችሁ በአጭር ኬብል ስዊቹ አጠገብ ሰኩት። ከሠራ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። የኬብሉን ሽቦ በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ከንጹህ መዳብ ከግማሽ በላይ ይበልጣል፣ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ዋጋው ስለሚረክስ ገበያው ላይ ሞልቷል። ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 6 የሚባለውን ኬብል ግዙና ከ100 ሜትር አትለፉ። አንዳንድ የካሜራ ስዊቾች እስከ 250 ሜትር የሚያደርስ ማብሪያ አላቸው። ያ ፍጥነቱን ወደ 10 ሜጋቢት ያወርደዋል። ለአንድ ካሜራ ይበቃል፣ ለዋይፋይ ግን አይሆንም።

ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ ፖርቱ ሞተ

የጎንደርን ክረምት ለምታውቁት አዲስ አይደለም። መብረቁ ሕንፃውን ባይመታም በውጭ የተዘረጋ ኬብል ላይ ቮልት ይፈጥራል። በኬብሉ በሁለቱም ጫፍ የፒኦኢ መብረቅ መከላከያ ግጠሙ፣ ከመሬት ጋር በትክክል ይታሰር። ካልታሰረ ጌጥ ነው። ሁለት ሕንፃ የምታገናኙ ከሆነ መዳቡን ትታችሁ ፋይበር ዘርጉ። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማይወስድ ማዶ ሌላ ትንሽ የፒኦኢ ስዊች ያስፈልጋል።

መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጠፋል

ስዊቹን፣ መቅጃውንና ራውተሩን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚቀጥል መሣሪያ፣ ላይ አድርጉ፤ ካሜራዎቹ በኬብሉ አብረው ይቆያሉ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። 70 ዋት ለሚስብ ስዊች ብቻውን እንኳ አንድ ሰዓት በተግባር አይሞላም። ጄኔሬተር እስኪነሳ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲቀዳ ከፈለጋችሁ ግን ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ነው የሚያዋጣው።