ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት፦ የቤትና የቢሮ ኢንተርኔትን መለካትና ማብቃቃት

«ኔቱ ተኝቷል፣ ፓኬጁን እናሳድገው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይለካ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋይፋዩ ነው፤ ካልሆነም ሳናየው መስመሩን የሚጨርስ አንድ ስልክ ወይም ካሜራ አለ።

መጀመሪያ የምትከፍሉበትን ቁጥር እወቁ። ውሉ ላይ ያለው 10 ሜጋ፣ ሜጋቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ይወርዳል። 1 ጊጋባይት ፊልም ከ13 ደቂቃ ትንሽ በላይ ቢፈጅ መስመሩ ደህና ነው፤ ማንም አላጭበረበራችሁም።

ከዚያ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ አገናኙ፤ የሌላውን ሰው ሁሉ ዋይፋይ አስጠፉ፤ ስፒድቴስት የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ከፍታችሁ ማውረጃውን (ዳውንሎድ)፣ መጫኛውን (አፕሎድ) እና ፒንጉን፣ ማለትም ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ሚሊሰከንድ፣ ጻፉ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ቀጥሎ መኝታ ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ ለኩ። በገመድ 10 የሰጠው በዋይፋይ 3 ከሆነ ፓኬጅ መጨመር ብር ማባከን ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡና ቤቱ መሀል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። (ዳንቴል የምታለብሱትም አላችሁ፤ ሲግናሉን ባይከለክልም ሙቀቱን ያፍነዋል።) ከዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ቅርብ ለቅርብ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ስለሚሻማበት በራውተሩ ገጽ (አከፋፈቱ ከታች አለ) ቻናሉን፣ ማለትም የሞገዱን መስመር፣ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መጫኛውን ነው። አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ጉግል ፎቶስ ሲጭን መጫኛው ይሞላል፤ የሌሎቹ ጥያቄ ራውተሩ ውስጥ ወረፋ ይይዛል፤ ማውረጃው ባዶ ሆኖ ሳለ ገጽ አልከፈት ይላል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር አድራሻ)፣ እንደገና ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ቲ ጻፉ፦ ping 8.8.8.8 -t። ቁጥሮቹ እየወረዱ ሳለ አንድ ሰው በቴሌግራም ትልቅ ቪዲዮ ይላክ። 40 ሚሊሰከንድ የነበረው 600 ከገባ በሽታው ተገኘ።

መድኃኒቱ ራውተሩ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ በብራውዘር ክፈቱና ኪውኦኤስ (QoS) ወይም ባንድዊድዝ ኮንትሮል የሚለውን፣ ፍጥነት የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ፈልጉ። ጠቅላላውን ፍጥነት ከለካችሁት 10 ወይም 15 በመቶ ቀንሳችሁ ሙሉ፤ መጫኛው 4 ሜጋቢት ከሆነ 3.5 በሉት። አንዳንዱ ራውተር በኪሎቢት ስለሚጠይቅ ያኔ 3500 ነው። ኪሳራ ይመስላል፤ ግን ወረፋውን የሚቆጣጠረው የእናንተ ራውተር ስለሚሆን መጨናነቁ ይቀንሳል። ከዚያ ፒንጉን ደግማችሁ እዩ። እዚያው ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ቁጠሩ፤ የማታውቁት ካለ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።

ቢሮና ካፌ ላይ ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ጣሪያ አብጁለት፤ ለካሸሯ ኮምፒውተር ቅድሚያ ስጡ። ማይክሮቲክ የተባለው ራውተር ላይ ይህ ኪው (Queues) በሚባለው ክፍል ይሠራል። የደህንነት ካሜራ ምስሉን ቀን ከሌት ወደ ክላውድ የሚልክ ከሆነ መጫኛችሁን የሚበላው እሱ ነው፤ እዚያው መቅጃው ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ፓኬጅ ማሳደግ የሚያስፈልገው ሒሳቡ አልገጥም ሲል ነው። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ ምስል 5 ሜጋቢት ይመክራል፤ ሦስት ቴሌቪዥን በአንዴ 15 ይፈልጋል፤ 10 ሜጋ አይበቃም። በገመድ ስትለኩት ጠዋት 10 የሆነው ማታ ማታ 4 የሚወርድ ከሆነ ግን ችግሩ ከአቅራቢው በኩል ነው፤ ሰዓትና ቁጥር የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ደውሉ።