የተንሻፈፈውን የክርን ራጅ ያስተካከልኩት በወንበር ነው

ለሳምንታት ያናደደኝ የክርን የጎን ምስል ነበር። ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፌ፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ አድርጌ፣ ጨረሩን መገጣጠሚያው መሃል ላይ አነጣጥሬ አነሳለሁ። ምስሉ ሲወጣ ግን በላይኛው ክንድ አጥንት ታችኛ ጫፍ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ መግባት የነበረባቸው ክብ መስመሮች ተዛንፈው፣ የመገጣጠሚያው ክፍተትም ተደፍኖ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የጨረሩን መጠን ነካካሁ። ከንቱ ድካም!

ጥፋቱ የወንበሩ ነበር። ታካሚው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ትከሻው ከክርኑ በላይ ይቀራል፤ ክንዱ ወደ ጠረጴዛው ያዘቀዝቃል። ክርኑ ምስል መቀበያውን ሰሌዳ ስለነካ ብቻ በደንብ የተኛ ይመስለኝ ነበር። አሁን ወንበሩን ዝቅ፣ ካልሆነ ጠረጴዛውን ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ አድርጌ አያለሁ፤ ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ እኩል ካልተኙ፣ ከላይኛው ክንድ ስር ክፍተት ከታየኝ፣ አላነሳም። የክንዱ ታችኛ ክፍል ወፍራም የሆነ ታካሚ ሲመጣ ደግሞ ከአንጓው ስር ስፖንጅ አስገባለሁ።

የ90 ዲግሪው ነገር ለውበት አይደለም። ክርኑ ከተዘረጋ ከመገጣጠሚያው ኋላ ያለው ስብ ያለ ጉዳት በምስሉ ላይ ብቅ ሊል ስለሚችል፣ የተደበቀ ስብራት አለ ብሎ ሐኪሙን ያሳስታል። ያም ሆኖ የተጎዳን ክርን አስገድጄ አላጥፍም፤ በቻለው ልክ አንስቼ የታጠፈበትን ማዕዘን በጥያቄ ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ።