ቆጣሪው የት ይሰቀል? የቤት ኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቦታ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

የቆጣሪ ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በቆመበት ነው። ሠራተኛው መሰላሉን እንደተሸከመ ግድግዳውን ቃኘት ያደርጋል፣ የቤቱ እመቤት «እዚህ ጋ ቢሆን አይሻልም?» ይላሉ፣ ግድግዳው ይበሳል፣ ፊሸር ይገባል፣ አለቀ። ያቺ ቀዳዳ ግን ለብዙ ዓመታት ሁለት ነገር ትወስናለች፦ የትኛውን ገመድ ማን እንደሚገዛና በገመዱ ላይ የሚባክነው ኃይል በማን ሒሳብ እንደሚገባ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች መመሪያ አርቃቂውንም፣ አገልግሎት ሰጪውንም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴውንም፣ የቤት ባለቤቱንም ይመለከታሉ።

ቦታውን ጠቅሶ ወሰኑን አለመጻፍ

በአዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ዘርፉን የመቆጣጠር ሥራ ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቷል፤ ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ኃይሉን ለየቤቱ የሚያደርሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። አቅራቢና ተቆጣጣሪ የተለያዩት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጭምር ነውና የቆጣሪ ቦታ ለአቅራቢው ምቾት ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

«ቆጣሪው ለማንበብ አመቺ በሆነ ቦታ ይተከላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለደንብነት አይበቃም። ለማን አመቺ? በደንብ የተጻፈ መመሪያ የአቅራቢው ኃላፊነት በቆጣሪው የመውጫ ተርሚናል ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ቆጣሪው ሲዛወር ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም ይለያል። ደንበኛው ቤት ስላስፋ ወይም አጥር ስለቀየረ ከሆነ ደንበኛው ይክፈል። አቅራቢው ለራሱ አሠራር ሲል ከግድግዳ ወደ ምሰሶ ካወጣው ግን ከአዲሱ ቦታ እስከ ቤቱ ማከፋፈያ ያለውን ገመድም አቅራቢው መቻል አለበት። መንገድ ሲሰፋ አጥር ላይ የነበረ ቆጣሪ ከአጥሩ ጋር ይነሳል። ወሰኑ አስቀድሞ ካልተጻፈ የዚያን ቀን ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ ቤተሰቡም በጨለማ ይቆያል።

ቆጣሪውን ከቤቱ አርቆ ገመዱን ለደንበኛው መተው

በጣም የሚያሳስበን ይኸኛው ነው፤ ጉዳቱ በዓይን ስለማይታይ። ከቆጣሪው በፊት የሚባክን ኃይል የአቅራቢው ኪሳራ ነው፣ ከቆጣሪው በኋላ የሚባክነው በደንበኛው ቢል ላይ ይቆጠራል። ቆጣሪው ወደ ምሰሶ በሄደ ቁጥር ኪሳራው ወደ ደንበኛው ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ቆጣሪው 40 ሜትር ርቆ ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከሆነ፣ በመሄጃና በመመለሻው 9 ቮልት ያህል ይወድቃል፣ 140 ዋት ገደማ ሽቦውን ሲያሞቅ ይውላል። ባለ 4 ካሬ ከሆነ የሚወድቀው 5.6 ቮልት ነው። ምጣድ፣ ካውያና የውኃ ማሞቂያ ተደርበው 30 አምፔር ሲሳብ ግን ባለ 4 ካሬውም ከ10 ቮልት በላይ ይጥላል፤ በዚህ ርቀት ባለ 10 ካሬ መዳብ ያስፈልጋል።

ቮልቴጅ ሲወርድ ሙቀቱ የሚቀንሰው በእጥፍ ፍጥነት ነው። ማታ ሁሉም ሲያበራ መስመሩ 190 ቮልት ላይ ከወረደ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ሦስት አራተኛ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ በቀጭን ገመድ ሌላ 9 ቮልት ሲቀነስ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፤ ጥፋቱም በምጣዱ ይሳበባል።

ሌላው የሚዘነጋው ብሬከር ነው። ቆጣሪው ምሰሶ ላይ ሆኖ ብሬከሩ ቤት ውስጥ ብቻ ካለ፣ መሐል ያለው 40 ሜትር ገመድ ጠባቂ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ልባሱ ቢላጥ ሊቆርጠው የሚችለው የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ላይቆርጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ብሬከር ከቆጣሪው ሥር፣ በዚያው ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪን እንደ አሮጌው ቆጣሪ መስቀል

አሮጌውን ቆጣሪ በወር አንድ ጊዜ የሚያየው አንባቢ ነበር። ቅድመ ክፍያውን የሚነካው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ባለ 20 አሃዝ ቁጥር የሚሞላውም እሱ ነው። ቁልፎች ያሉትን ቆጣሪ ሦስት ሜትር ላይ መስቀል ሰውን በወንበር ላይ ወንበር አስደርቦ ማውጣት ነው። መለኪያው ምሰሶ ላይ መሆን ካለበት ቁጥር ማስገቢያው ተለይቶ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ይሁን።

ይህኛውም የራሱ ጣጣ አለው። ሒሳቡ አልቆ ቆጣሪው ሲቆርጥ ቤቱ መብራት የለውም፤ ማስገቢያው የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ ቁጥሩ ተገዝቶም ማስገባት አይቻልም። ከቆጣሪው ጋር የሚነጋገረው በዚያው በኤሌክትሪክ ሽቦው ከሆነ ደግሞ ከራሱ ቆጣሪ በወጣው መስመር ላይ መሰካት አለበት፤ ጎረቤት ሶኬት ላይ ቢሰኩት መልስ አይሰጥም።

ብዙ ቆጣሪዎችን በአንድ ሳጥን ሰብስቦ ሳይለዩ መሄድ

በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ወይም በአንድ ምሰሶ ላይ ብዙ ቆጣሪዎች ሲደረደሩ መስመር ይቀያየራል፤ አንዱ የሌላውን ፍጆታ ይከፍላል። መፈተሻው ቀላል ነው። ዋናውን ብሬከር ሲያጠፉ የራስዎ ቆጣሪ ቀይ መብራት ብልጭታውን ማቆም አለበት። ከዚያ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው 2 ኪሎዋት የሆነ የውኃ ማፍያ ብቻ ያብሩ። ቆጣሪው ላይ 1000 imp/kWh (በኪሎዋት ሰዓት 1000 ምት) ተብሎ ከተጻፈ በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል ብልጭ ይላል። ከዚህ በጣም ከራቀ መስመሩ የእርስዎ አይደለም፣ ወይም ሌላ ሰው ተቀጥሎበታል።

የቤት ቁጥር በወረቀት አይለጠፍ፤ አንድ ክረምት አይሻገርም። በቀለም ወይም በተቀረጸ ሰሌዳ ይጻፍ። ከሳጥኑ ፊት አንድ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተው፣ ክፍሉ የአሮጌ ፍራሽና የከሰል መጋዘን አይሁን፤ የላላ ተርሚናል ሲግል መጀመሪያ የሚያቀጣጥለው እዚያ የተከመረውን ነው፣ ጭሱም የሚወጣው ሰው በሚወርድበት ደረጃ ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ ከሆነ ያ ሰው በሌለበት ሌሊት ማንም ማጥፋት አይችልም። ቢያንስ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ጥበቃው ዘንድ።

ለብዙ አባወራ አንድ ቆጣሪ

ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር ሁሉም ከፍ ወዳለው እርከን ይገባል፤ አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ያላት አሮጊት ጭምር። ይህ በግልጽ በደል ነው። ደንቡ ቦታ የለም በሚል ሰበብ የተለየ ቆጣሪ መከልከልን መዝጋት አለበት።

ከፍታ፣ ፀሐይና ዝናብ

ማሳያው ከወለል 1.5 ሜትር አካባቢ ቢሆን አብዛኛው ሰው ጎንበስም ተንጠራራም ሳይል ያነባል። ውጭ የሚሰቀል ቆጣሪ ወይም ሳጥኑ ቢያንስ አይፒ 54 የተባለውን የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ ያሟላ። ገመድ በሳጥኑ አናት አይግባ። ከታች ይግባ፣ ከመግቢያውም በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ጠብታውን ያራግፍ። ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ማሳያውን ያጠቁረዋል። በጭቃ ቤት ምስማር ይላላልና መጀመሪያ ጣውላ በግድግዳው ማገር ላይ ይመታ፣ ቆጣሪው በጣውላው ላይ ይታሰር።

በራስ እጅ ማዛወር

ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ባለው ገመድ ላይ ደንበኛው የሚያጠፋው ብሬከር የለም፤ ማኅተሙን በጥሶ የሚነካ ሰው ኃይል ያለበትን ሽቦ ነው የሚይዘው። ማመልከቻ ለአገልግሎት ማዕከሉ ይግባ፣ የቤት ውስጡን ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራ። በዕለቱ የአሮጌው ቆጣሪ ንባብ ፎቶ ይነሳ፤ ቅድመ ክፍያ ከሆነ የቀረው ሒሳብ ተመዝግቦ ይፈረምበት።

ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ይለካ። ሦስት ፌዝ (ሦስት ኃይል ያለባቸው ሽቦዎች) በሚገባበት የጋራ ሳጥን ኒውትራሉ፣ ማለትም የጋራ መመለሻው ሽቦ፣ ካልጠበቀ 220 መሆን የሚገባው እስከ 380 ቮልት ሊወጣ ይችላል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚቃጠሉት በዚህ ነው። ከ250 በላይ ከታየ ዋናው ብሬከር ወዲያው ይጥፋ፣ ኒውትራሉ እንደገና ሳይጠብቅም አይብራ።