ኦርደር ከሰንጠረዡ እንጂ ከእኩልታው አይወጣም

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ለኬሚስትሪ ፈተና የምትዘጋጁ ልጆች፣ የሪአክሽን ኦርደርን፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር ኮንሰንትሬሽን (ክምችት) ሲለወጥ የሪአክሽኑ ፍጥነት በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ከተመጣጠነው እኩልታ ቁጥሮች አትውሰዱ። ናይትሪክ ኦክሳይድና ሃይድሮጅን ናይትሮጅንና ውሃ ሲሰጡ የሁለቱም ቁጥር 2 ነው፤ በሙከራ የተገኘው ኦርደር ግን ለናይትሪክ ኦክሳይድ 2፣ ለሃይድሮጅን 1 ነው።

ከሙከራ ውጤቶቹ ሰንጠረዥ የአንዱ ንጥረ ነገር ኮንሰንትሬሽን ብቻ የተለወጠባቸውን ሁለት ሙከራዎች ምረጡና ትልቁን ፍጥነት ለትንሹ አካፍሉ። ኮንሰንትሬሽኑ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ካልተለወጠ 0፣ እጥፍ ከሆነ 1፣ አራት እጥፍ ከሆነ 2። ብዙ ሰው የሚስተው ኮንሰንትሬሽኑ የቀድሞው 1.5 እጥፍ ሲሆን ነው፦ ፍጥነቱ የቀድሞው 2.25 እጥፍ ከሆነ፣ 1.5 በ1.5 ስለሆነ ኦርደሩ 2 ነው። አልገጥም ካለ የፍጥነቶቹን ሬሾ ሎጋሪዝም ለኮንሰንትሬሽኖቹ ሬሾ ሎጋሪዝም አካፍሉ።

ላብ ውስጥ የምትለኩ ደግሞ ሙቀቱን ጠብቁ። የጠዋቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ የፍጥነቱን ቋሚ ቁጥር (k) ስለሚለውጡት ሬሾው ይበላሻል።