ከጥንድ ቴኒስ ወደ አሰልጣኝነት፦ እነዚህን ሰዎች ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

"ነጠላው (አንድ ለአንድ የሚጫወቱት) እንቢ ስላለው ነው ጥንድ (ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት) የገባው።" ቴኒስ ከሚያይ ሰው አፍ ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት። ሰውዬው ራኬቱን ሰቅሎ አሰልጣኝ ሲሆን ደግሞ ይቀጥላል፤ "እሱ ራሱ ምን አሸንፎ ነው ሌላውን የሚያስተምረው?" እኔም ድሮ የምለው ይህንኑ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ፖል አናኮን የሚባል፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ፒት ሳምፕራስንና ሮጀር ፌደረርን ያሰለጠነ አሜሪካዊ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹ የእኛ የተመልካቾቹ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ይህን መንገድ የሚጀምሩት ሰዎች የሚወድቁባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንድ ተጫዋችን "ያልተሳካለት ነጠላ ተጫዋች" ማድረግ

አናኮን በ1984 ዊምብልደን ላይ በማጣሪያ ገብቶ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። በ1985 ከደቡብ አፍሪካዊው ክሪስቶ ቫን ሬንስበርግ ጋር የአውስትራሊያ ኦፕንን የጥንድ ዋንጫ አነሳ። ከዓለም በነጠላ እስከ 12ኛ፣ በጥንድ እስከ 3ኛ ደረጃ ወጥቷል። የነጠላ ዋንጫዎቹ 3፣ የጥንዶቹ 14 ናቸው። "አልቻለም" የሚባል ሰው አይደለም።

ደግሞስ ጥንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሜዳው በግራም በቀኝም 1.37 ሜትር ይሰፋል። መረቡ አጠገብ የቆመው ተጫዋች እጁን ከወገቡ ጀርባ አድርጎ በጣቱ ምልክት ይሰጣል። ሰርቭ መቺው (ነጥቡን በመጀመሪያው ምት የሚከፍተው) ያንን አይቶ ኳሷን የት እንደሚልክ ይወስናል። ነጥቡ ሲያልቅ ሁለቱ ተጠግተው፣ አፋቸውን በኳስ ወይም በእጃቸው ከልለው ይንሾካሾካሉ። ጓደኛህ ዛሬ ሰርቩ ከከዳው ክፍተቱን የምትሸፍነው አንተ ነህ። ከተናደደ የምታበርደውም አንተው። የሌላውን ሰው ፊት ማንበብ፣ መቼ መቆጣት መቼ ማባበል እንደሚያስፈልግ ማወቅ፣ የእሱ ጉልበት እንዲታይ የራስን ጨዋታ ማስተካከል የየቀኑ ሥራ ነው። ዕድሜውን በዚህ ያሳለፈ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን፣ ለእኔ ሥራ ቀየረ ከማለት ቦታ ቀየረ ማለት ይቀለኛል።

ተማሪን በራስ አምሳል መቅረጽ

ይሄኛው የአሰልጣኞቹ ፈተና ነው። የጥንድ ሰው ያደገው መረቡ ላይ ነው። ያጠገበው ኳሷን ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት ነው። ስለዚህ የመጣለትን ተማሪ ሁሉ ወደ መረቡ መግፋት ያምረዋል።

አውስትራሊያዊውን ቶኒ ሮችን እንይ። በ1966 ፓሪስ ላይ በሚደረገው የፈረንሳይ ኦፕን የነጠላ ሻምፒዮን ሆኗል። ስሙ የገነነው ግን በጥንድ ነው፤ 13 የወንዶች ጥንድ ግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) ያለው ሲሆን፣ ከእነዚህ 12ቱን ያሸነፈው ከጆን ኒውኮምብ ጋር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢቫን ሌንድልን ማሰልጠን ጀመረ። ሌንድል ከኋላ መስመር ሆኖ ተጋጣሚውን የሚደበድብ ተጫዋች ነበር። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በመጨረሻ የጎደለው ዊምብልደን ብቻ ነው። ያኔ በዊምብልደን ሳር ላይ የሚያሸንፉት ሰርቭ መትተው ወደ መረብ የሚሮጡት ስለነበሩ፣ ሌንድልም ያንን ሊማር ተነሳ። ከሮች የተሻለ አስተማሪ የት ይገኛል?

በ1986 እና በ1987 ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ1990 ደግሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈበትን የፓሪሱን ውድድር ጭራሽ ትቶ ለሳሩ ብቻ ተዘጋጀ። በግማሽ ፍጻሜ በስቴፋን ኤድበርግ ተሸነፈ። ዊምብልደን አመለጠው፤ አመለጠው እንደሆነም ቀረ።

ጥፋቱን ሮች ላይ መጫን አልፈልግም። ዊምብልደንን አብዝቶ የፈለገው ሌንድል ራሱ ነው፤ ለሁለት ፍጻሜ መድረሱም ቀላል ነገር አይደለም። በእጅ ያለውን ፓሪስ መተው ግን፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ በጣም ውድ ዋጋ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያው ሮች ከሮጀር ፌደረር ጋር ከ2005 እስከ 2007 ሠራ። ፌደረር ሁሉ ነገር የነበረው ተጫዋች ነው፤ መለወጥ ያለበት ብዙ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ውስጥ 6 የነጠላ ግራንድ ስላም አሸነፈ።

ወሬ ማብዛት

ጥንድ ተጫዋች ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ማውራት ለምዷል። በወንዶች የነጠላ ውድድር ግን አሰልጣኝ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አፉን መዝጋት ነበረበት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ከመብላት በቀር የሚፈቀድለት ነገር አልነበረም። የወንዶቹ የቴኒስ ማኅበር ከመቀመጫ ሆኖ መምከርን በሙከራ ደረጃ የፈቀደው ገና በሐምሌ 2022 ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የአናኮን ዘመን አሰልጣኝ ከጨዋታው በፊት ሁለት ሦስት ነገር መርጦ ተናግሮ ዝም ማለትን መማር ነበረበት። አሁን ሲፈቀድ አደጋው ተመልሶ መጣ። አንዳንዱ አሰልጣኝ በየነጥቡ ሲለፈልፍ እያየሁ ለተጫዋቹ አዝናለሁ።

ሌላው የሠራውን ቤት ማፍረስ

ጥር 1995፣ ሜልቦርን። የፒት ሳምፕራስ አሰልጣኝ ቲም ጋሊክሰን በውድድሩ መሐል ታሞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። (ጋሊክሰን ራሱ የጥንድ ሰው ነበር፤ በ1983 ከመንትያ ወንድሙ ቶም ጋር የዊምብልደን ፍጻሜ ደርሷል።) ሳምፕራስ በሩብ ፍጻሜው ከጂም ኩሪየር ጋር ሲጫወት ሜዳው ላይ እንባው መጣ። ሁለት ለዜሮ ሲመራ የነበረውን ኩሪየርን እያለቀሰ አሸነፈ። በኋላ በጋሊክሰን አንጎል ውስጥ ዕጢ መኖሩ ታወቀ። በግንቦት 1996 ሞተ።

የእሱን ቦታ የያዘው አናኮን ነው። እስቲ ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡ። ተማሪው የዓለም ቁጥር አንድ ነው። አሰልጣኙን እንደ ወንድም ይወደዋል፤ ያ ሰው ታሟል። አዲስ የመጣ ሰው "አሁን እኔ ነኝ" ብሎ ቢጀምር ምን ይሆን ነበር? የሳምፕራስ ጨዋታ ግን ያው እንደ ነበረ ቀጠለ፤ ትልቅ ሰርቭ፣ ከሰርቩ ኋላ ወደ መረብ። በዚያው ዓመት ዊምብልደንንም የአሜሪካ ኦፕንንም ወሰደ።

በዋንጫ ቁጥር ብቻ መመዘን

ሳምፕራስ ካሸነፋቸው 14 ግራንድ ስላሞች 9ኙ የመጡት አናኮን ከገባ በኋላ ነው። ፌደረር ደግሞ በ2010 ሲቀጥረው 16 ነበረው፤ በ2013 ሲለያዩ 17። በቁጥር ብቻ ካየነው የመጀመሪያው ተአምር፣ ሁለተኛው ኪሳራ ይመስላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሳምፕራስ ቀድሞውንም ሻምፒዮን ነበር። ፌደረር ደግሞ ብዙዎች "አበቃለት" ሲሉት የነበረ ሰው ነው። በ2012 ዊምብልደንን አሸንፎ ወደ ቁጥር አንድ ተመለሰ። ከዚያም በቁጥር አንድነት የ286 ሳምንት ክብረ ወሰንን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ የማን ነበር? የሳምፕራስ።

"ጥንድን እንጂ ነጠላን ማሰልጠን አይችልም"

አጭር ምላሽ፦ ዴቪድ ማክፈርሰን። ከታዝማኒያ የመጣ፣ 16 የጥንድ ዋንጫ ያለው ሰው ነው። መንትያዎቹን የጥንድ ተጫዋቾች ቦብና ማይክ ብራያንን ለአሥር ዓመት ገደማ አሰለጠነ። መንትዮቹ በ2013 የኦሊምፒክ ወርቃቸውን እንደያዙ አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ጊዜ ጨበጡ። ማክፈርሰን ከዚያ በኋላ የሄደው ወደ ጆን ኢስነር፣ ማለትም ወደ ነጠላ ተጫዋች ነው።

መለያየትን እንደ ጠብ ማየት

ሳምፕራስና አናኮን ከ2001 የውድድር ዘመን በኋላ ተለያዩ። ሳምፕራስ ሌሎች አሰልጣኞችን ሞከረ። በ2002 ዊምብልደን፣ ሰባት ጊዜ በነገሠበት ሳር ላይ፣ በዓለም 145ኛ በነበረው ጆርጅ ባስትል በሁለተኛው ዙር ተሸነፈ። ጡረታ ውጣ የሚለው ብዙ ነበር። እሱ ግን አናኮንን መልሶ ጠራው። አናኮንም መጣ። በመስከረም ኒው ዮርክ ላይ ሳምፕራስ አንድሬ አጋሲን በአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ አሸነፈ። ሳምፕራስ ከዚያ በኋላ በይፋዊ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።