ስሜን ተራሮች ላይ ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከስሜን ተራሮች የሚመጣው ፎቶ አብዛኛው ይመሳሰላል፦ ነጣ ያለ ሰማይ፣ ሰማያዊ ጭጋግ የዋጠው ገደል፣ መሀል ላይ ዝንብ የምታህል ጭላዳ። ባለ ውድ ካሜራውም ባለ ስልኩም እኩል ይሳሳታል፤ ሁለቱም ስለ ብርሃን የተማሩት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ ከተሠራ ቪዲዮ ነውና። ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ብቻ ርቆ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ አገር ብርሃኑም ብርዱም አቧራውም ሌላ ነው።

ወርቃማውን ሰዓት እንደ ሙሉ ሰዓት መቁጠር

"ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ለስላሳ ብርሃን አለ" የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ስሜን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው። ከአድማስ ተነስታ 6 ዲግሪ ከፍታ ላይ ለመድረስ 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል፤ ለንደን ላይ ለዚያችው ከፍታ በመጋቢት 40 ደቂቃ ያህል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። እዚህ ቁርስ በልተው ሲነሱ ወርቁ አልቋል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ነው። የሚፈልጉት ቦታ ላይ ከዚያ 40 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ሰማዩ ሐምራዊ የሚሆነው ፀሐይ ሳትታይ ነው። ከግጭ ካምፕ እሜት ጎጎ ጫፍ ድረስ በእግር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳልና ጉዞው የሚጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። የራስ ባትሪ ይያዙ፤ መንገድ መሪውና የፓርኩ ጥበቃ ስለ ሰዓቱ በዋዜማው ይነገራቸው። ሌሊት ላይ መቀስቀስ ነውርም ነው፣ አይሳካምም።

ገደሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚበራ አለማወቅ

ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዋናው ገደል ፊቱን ያዞረው በአመዛኙ ወደ ሰሜን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትጓዝ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይውላል፤ አናቱ ላይ ያለው ሜዳ ግን ፍም ይመስላል። ካሜራ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይችልም፤ ወይ ሜዳው ነጭ ይሆናል፣ ወይ ገደሉ ጥቁር።

መፍትሔው ከገደሉ ወጣ ወጣ ያሉትን አፍንጫዎች መፈለግ ነው። ጠዋት የምሥራቅ ጎናቸው፣ ማታ የምዕራብ ጎናቸው ብርሃን ያገኛል፤ የድንጋዩ ንብርብርም አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኩለ ቀን ላይ የግድ ማንሳት ካለብዎት አናቱን ከፍሬሙ አውጥተው ጥላውን ብቻ ያንሱ፤ ወይም ደመና እስኪያልፍበት ይጠብቁ።

ሰፊ ሌንስ ብቻ ይዞ መሄድ

ዓይን አንድ ሺህ ሜትር ገደል ሲያይ ይደነግጣል፤ 16 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ ደግሞ ያንኑ ገደል የጓሮ አጥር ያስመስለዋል። ሰፊ ሌንስ ከፊት ያለውን አግዝፎ ማዶውን ያሳንሳል። ከእሜት ጎጎ ቁልቁል የሚታዩት ጭጋግ ውስጥ ተደራርበው የቆሙ ተራሮች የሚያምሩት ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ባለው አቅራቢ ሌንስ ነው። ቀን ላይ ጠላት የነበረው ጭጋግ እዚህ ወዳጅ ይሆናል፤ እያንዳንዱን ሸንተረር ከኋለኛው ለይቶ ያስቀምጠዋል።

በስልክ ከሆነ የራሱ ሌንስ ያለውን 2 ወይም 3 እጥፍ ማቅረቢያ ይጠቀሙ። ከዚያ በላይ በጣት መሳብ ማቅረብ ሳይሆን ያነሱትን ቆርጦ ማስፋት ነው፤ ያንን ቤት ገብተውም ያደርጉታል።

ሰፊው ሌንስ የሚጠቅመው ከፊት የሚቀመጥ ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ጅብራ። ይህ ተክል ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ያበበውን ሲያገኙ ካሜራውን በቁም ያዙሩ፤ በአግድም ሲነሳ ጫፉ ይቆረጣል። "ሁሉም ጥርት ይበል" ብሎ ወደ ኤፍ 22 መሄድም ስህተት ነው (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል)፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ይበተንና ሙሉው ምስል ይለሰልሳል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 24 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 11 ሆኖ ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ቢደረግ፣ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ ጥርት ይላል።

ጭላዳን ማሳደድ

ጭላዳ ሣር እየነጨ የሚኖር እንስሳ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ግድግዳ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ንጋት ላይ ሜዳውን ማሰስ ድካም ነው፤ ያን ሰዓት ለመልክዓ ምድሩ ይተዉትና በኋላ ከገደሉ አፍ ራቅ ብለው፣ ወደሚግጡበት አቅጣጫ ቀድመው ይቀመጡ። መቀመጥ ነው ቁም ነገሩ። የቆመ ሰው ሲጠጋ መንጋው ቀስ እያለ ጀርባውን ይሰጣል፤ ፎቶውም የመቀመጫ ፎቶ ይሆናል። 10 ሜትር ያህል ርቀው መሬት ላይ ሲቀመጡ ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው እየነጩ ይመጣሉ፤ የካሜራውም ከፍታ ከዓይናቸው ጋር ይስተካከላል። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ጭላዳ ሣር ላይ የተጣለ ጠጉር ይመስላል።

ዓይኑን በደንብ ይመልከቱ። የጭላዳ ዓይን ከወጣ ግንባር በታች ጠልቆ ነው ያለው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ይቀራል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ያቺ ነጥብ ከሌለች ፊቱ በድን ነው። የወንዱን ጎፈር ለማሳየት ደግሞ ፀሐይን ከኋላው ያድርጉ፤ ጠርዙ እንደ እሳት ይበራል። ያኔ ፊቱ ስለሚጨልም በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/−) ብርሃኑን በፕላስ 1 ከፍ ያድርጉ፤ ሌንሱ ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታርፍ በእጅዎ ወይም በኮፍያ ይጋርዱ። የሸተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ለሚግጥ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚጣሉና ለሚሯሯጡ ከ1/1250 በታች አይውረዱ። በስልክ "ፖርትሬት" የሚለውን አይጠቀሙ፤ ሶፍትዌሩ ጎፈሩን ከሣሩ መለየት ስለማይችል ጫፉ የተላጨ ይመስላል።

ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ "ሳቀ" ብለው የሚለጥፉ አሉ። ሳቅ አይደለም፤ መረበሹን የሚያሳይበት ምልክት ነው። ለእርስዎ ካደረገው ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይበሉ። ዳቦ ወይም ብስኩት ወርውሮ መጥራትማ ፈጽሞ አይደረግም፤ ምግብ ከሰው እጅ የለመደ መንጋ የገበሬ ማሳና የካምፕ ድንኳን ይደፍራል።

ዋልያን በተመለከተ ስህተቱ አጭር ነው፦ ያለ ረጅም ሌንስ መሄድ። ጨነቅ አካባቢ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጥሩ ዕድል አለ፤ ግን 400 ሚሊሜትርና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህ ሌንስ በእጅ ሲነሳ ፍጥነቱ ቢያንስ 1/500 ይሁን። ቀይ ቀበሮ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ስሜን ላይ ቁጥሩ ጥቂት ነውና የባሌን ሳነቴ አምባ ያስቡ፤ እዚያ ቀን በቀን ፍልፈል ሲያድን ከመኪና መስኮት ሳይወርዱ ማንሳት ይቻላል።

ካሜራው ያየውን ማመን

ካሜራ ነጭንና ጥቁርን አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ አማካዩ ግራጫ እንዲሆን ያደርገዋል። ከገደሉ በታች የተኛውን የደመና ባሕር ሲያይ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ደመናው አመድ ይመስላል። ፕላስ 0.7 ወይም ፕላስ 1 ያድርጉ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ጠይም ሰው ሲነሱም ያው ነው፦ ጋቢው ያሳስተውና ፊታቸው ይጠፋል። ስልክ ላይ ፊታቸውን ነክተው ጣትዎን ትንሽ ያቆዩ፤ ብርሃኑና ፎከሱ ሲቆለፍ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ይሳቡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚያነሷቸውን ሰው ከፀሐይ አውጥቶ ከቤታቸው ታዛ ሥር፣ ፊታቸው ወደ ደጅ እንዲያይ ማድረግ ነው።

በተራራ ፀሐይ ስክሪን ማየትም አያስተማምንም፤ ደማቅ ቀን ላይ ሁሉም ፎቶ ጨለማ ይመስላል። ሂስቶግራሙን (ከግራ ጥቁሩን፣ ከቀኝ ነጩን የሚያሳየውን የብርሃን ግራፍ) ይዩ፤ የቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ ነጩ ተቃጥሏል፤ ፈጽሞ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በሮው ፋይልም (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አይመለስም።

ፖላራይዘር ማጣሪያን እስከ መጨረሻው ማዞርም የተለመደ ነው። በዚህ ከፍታ ሰማዩ ራሱ ጥልቅ ሰማያዊ ስለሆነ ጥቁር ያደርገዋል፤ በሰፊ ሌንስ ደግሞ የሰማዩን አንድ በኩል ብቻ አጥቁሮ ጠባሳ ይተዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ያቁሙት።

አቧራና ብርድን መናቅ

ከደባርቅ የሚወጣው የጠጠር መንገድ በበጋ ዱቄት ነው። ከፊት ያለ መኪና ያስነሳውን አቧራ እያዩ ሌንስ መቀየር ማለት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ መዝራት ማለት ነው። መኪና ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀየር። ማታ ላይ ሰማዩን በኤፍ 16 አንስተው አስፍተው ይዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ በጎማ አየር መንፊያ ያጽዱ። በአፍ "ኡፍ" ማለት ምራቅ ይጨምራል። ሌንሱን በደረቅ ሶፍት መጥረግ ደግሞ አሸዋውን እየገፉ መስታወቱን መፋቅ ነው፤ መጀመሪያ ይነፋ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።

በበጋ ወራት ግጭና ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ባትሪ በብርድ ጉልበቱን ያጣል፤ ማታ 80 ከመቶ የነበረው ጠዋት ሊጠፋ ይችላል። ትርፍ ባትሪዎችንና ስልክዎን ከሰውነትዎ ጋር፣ በውስጥ ኪስ ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ያሳድሩ። ለሦስት ቀን ጉዞ ሦስት ባትሪና አንድ ፓወር ባንክ የቅንጦት አይደለም። ከብርድ ወደ ሞቀ መኪና ሲገቡ ካሜራውን በፌስታል አጥብቀው ቋጥረው ይግቡ፤ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል፤ ሌንሱ አይነካም።

ትራይፖዱን ገደል አፍ ላይ ሙሉ ቁመቱ ዘርግቶ መተውም አይሆንም፤ ነፋሱ ድንገተኛ ነው። ዝቅ አድርገው መሀሉ ላይ ቦርሳዎን ይስቀሉበት። ዓይንዎ ካሜራው ላይ እያለ ደግሞ አንድ እርምጃ እንኳ አይራመዱ።

ወሩን ሳይጠይቁ መሄድ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ብዙ ቀን የሚታየው ነጭ ግድግዳ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አየሩ የታጠበ፣ ሜዳው አረንጓዴ ይሆናል። ከየካቲት በኋላ ጓሳው ይደርቃል፤ የቆላው ጭጋግም ይወፍራል። ለጭላዳ የወርቃማ ሣር ዳራ የሚፈልግ ታኅሣሥና ጥርን ይመርጣል። ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ደባርቅ ካሉ አስጎብኚዎች ይጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ደግሞ ዕቃውን እንደ መጣል ነው።

ሰውን እንደ ዛፍ ማንሳት

የውጭ ቱሪስት በምልክት ይግባባል፤ እርስዎ ቋንቋው አለዎት፤ ታዲያ ምን ሰበብ አለ? ካሜራውን ወደ ጎን አድርገው "እንደምን ዋሉ አባባ፣ ከብቱ ደህና ነው?" ይበሉ፤ ከዚያ "አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ደረቅ ይሆናሉ፤ ሰው ለፎቶ ሲቆም ደረቱን ይነፋል። ያንሱላቸው፣ ያሳዩአቸው፤ ጥሩው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ነው። መንገድ ዳር ለሚቆሙ ልጆች ለፎቶ ብር መስጠት እረኝነቱንም ትምህርቱንም ያስተዋል።

"እልክልዎታለሁ" ካሉ ይላኩ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን "ፋይል" በሚለው ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ሲታተም ይፈዛል። ስልክ ለሌላቸው ጎንደር ሲደርሱ ፎቶ ቤት አሳጥበው፣ ከጀርባው ስማቸውንና የቀበሌያቸውን ስም ጽፈው፣ ይዞዎት ለሄደው ሾፌር ወይም ለመንገድ መሪው ይስጡት።